ጋሽ ዱባለ እና የሙሽሪት ብጉር

ጋሽ ዱባለ ከሰው ሲተዋወቅ ፊት አያይም፤ እግር ነው የሚያየው። ከአንዋር መስጊድ ጀርባ፣ እኔ ማስቲሽ ከምሸጥበት ሱቅ ጎን ባለችው ጠባብ ቤት ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ የጫማ ፎርማ ሲጠርብ ኖሯል። ፎርማ ማለት ጫማ ሰፊው ቆዳውን የሚወጥርበት፣ የእግር ቅርጽ ያለው እንጨት ነው። ፎርማው ጠማማ ከሆነ ጫማውም ጠማማ ነው፤ ጫማው ጠማማ ከሆነ ያደረገው ሰው ቀኑን ሙሉ በፈጣሪው ላይ ሲያጉረመርም ይውላል። "ስለዚህ" ይላል ዱባለ፣ "ወደ ሰማይ ከሚወጣው የመርካቶ እሮሮ ግማሹ የእኔ ጥፋት ነው።"

አፉ ልጓም የለውም። አንዴ የሰፈራችን ነጋዴ ሞቶ፣ ለቀስተኛው ደረቱን ሲደቃ እሱ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ፣ "በልብ ነው የሞተው አሉ አይደል? ውሸት ነው! አርባ ሦስት ቁጥር እግር ይዞ ሃያ ዓመት አርባ አንድ የተጫማ ሰው፣ ልቡ ምን ያድርግ?" አለ። የሟች እህት ሰማችው። ይሄኔ ገደል ገባ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሴትዮዋ ግን ለጥቂት ጊዜ አፍጥጣ አየችውና ቀስ ብላ የራሷን ጫማ ከጠረጴዛው ሥር አወለቀች።

ሥራው የሚመጣለት በአብዛኛው ከአንድ ሰው ነበር፤ ከእትዬ ሐጀራ። ሐጀራ የጫማ ጅምላ ነጋዴ ናት። ከሱቋ ኋላ ባለው ሰፊ ቤት ጫማ ታሰፋለች፣ ዱባይ ተራ ላሉ ቸርቻሪዎች ታከፋፍላለች። መርካቶ ሁሉ "እትዬ" ይላታል። ዱባለ ብቻ "አንቺ" ነው የሚላት፤ ሁለቱ እዚህ ገበያ የገቡት በአንድ ዓመት ነውና። ሌላው ሰው "እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ" የሚባባለውን እነሱ በስድብ ነው የሚጨርሱት።

"እስካሁን አልሞትክም?" ትለዋለች ጠዋት በበሩ ስታልፍ።

"አንቺን ሳልቀብር?" ይላታል።

ቀኑ የሚጀመረው እንደዚያ ነው።

ዓምና ክረምቱ ሊገባ ሲል ሐጀራ ያዘዘችው፣ ፎርማ የሚጠርብ አንድ ትልቅ ማሽን መጣ። በነጭ ላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በቀይ ማሰሪያ ታስሮ፣ በፎርክሊፍት ላይ ተቀምጦ እየተንቀጠቀጠ መንገዳችን ላይ ገባ። ከኋላው እስከ ሶማሌ ተራ ድረስ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ክላክሱን ያንባርቃል። ዱባለ ሞረዱን ይዞ ከበሩ ላይ ቆመና፣ "እልል በሉ እንጂ! ሙሽሪት መጣች!" አለ። የማሽኑ ስም በዚያው ቀረ።

ሙሽሪትን የምታሠራት ሔርሜላ ትባላለች፤ ምህንድስና የተማረች የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ናት። ሐጀራ የቀጠረቻት ለዚሁ ነው። ሔርሜላ የመጀመሪያ ዕለት ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ ስለ ማሽኑ አስረዳች። ተራው ማሽን ቢላውን ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች ብቻ ነው የሚወስደው አለች። ይህቺኛዋ ግን በዚያ ላይ እንጨቱ የታሰረበትን ጠረጴዛ ታጋድለዋለች፣ ታሽከረክረዋለችም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ሳታቋርጥ። ሦስትና ሁለት አምስት። ለዚህ ነው ፋይቭ አክሲስ፣ ማለትም ባለ አምስት አቅጣጫ የምትባለው።

"እኔስ ስንት ነኝ?" አላት ዱባለ።

ሔርሜላ ጥያቄውን ከልቧ ወሰደችው። ትከሻውን፣ ክርኑን፣ የእጁን አንጓ፣ ጣቶቹን ቆጠረች። "እርስዎ ከሃያ በላይ ነዎት ጋሽ ዱባለ።"

"ታዲያ ሃያው እያለ አምስቱን ምን አመጣው?"

"አምስቱ አፍ የለውም" አለች ሐጀራ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዱባለም ሳቀ፤ ግን እኔ ከጎኑ ስለነበርኩ ሞረዱን እንዴት ጨብጦ እንደያዘ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲያ ሥራ እንደማይመጣለት የገባው ያኔ ነው።

ማሽኗ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ትመረቅ ተባለ። ሐጀራ ሼህ አስመጥታ ዱዓ አስደረገች። ጫማ ሰፊዎቹ ደግሞ ግማሾቹ የጎጃምና የጎንደር ልጆች ናቸውና፣ "በአንድ ወገን ብቻ አይሆንም" ብለው አንድ አባ ከነጸበላቸው ይዘው መጡ። አባ እጃቸውን ከጀሪካኑ ጨልፈው ወደ ሙሽሪት ሲያነሱ፣ ሔርሜላ እጇን ዘርግታ ከኤሌክትሪኩ ሳጥን ፊት ተገተረች።

"አባ! ኤሌክትሪክ ነው!"

"ልጄ፣ ጸበል አይገድልም።"

"ጸበሉማ አይገድልም አባ፣ ውሃው ነው!"

በመጨረሻ ስምምነት ተደርጎ የተረጨው ጎማዋ ላይ ነው። ጎማ የላትም፤ አባ ግን እግሮቿን ጎማ ናቸው ስላሉ ማንም አልተከራከረም። ዱባለ፣ "አሁን ከሁለቱም ወገን ጠበቃ አላት፤ ካበላሸች ወዴት ነው ይግባኝ የምንለው?" አለ።

አበላሸችም።

የመጀመሪያው የዋንዛ እንጨት ተረከዙ ከታች በብረት ተይዞ፣ አፍንጫው ወደ ሰማይ ቆሞ ታሰረ። ቢላዋ፣ ማለትም ጫፏ ክብ የሆነች የምትሽከረከር ብረት፣ ከተረከዙ ተነስታ በእግሩ ጀርባ ላይ ሽቅብ ትወጣና፣ አፍንጫውን ተሻግራ በውስጥ እግሩ በኩል ትወርዳለች። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብላ እንደገና። ጠረጴዛው ከሥሯ ይጋደማል፣ ይዞራል። እውነቱን ለመናገር ማየቱ ደስ ይላል፤ ቅቤ ነው የምትቆርጥ የሚመስለው። ብቻ አፍንጫው ጫፍ ላይ በደረሰች ቁጥር ጠረጴዛው በድንገት "ዥው!" ብሎ በግማሽ ዙር ይወረወራል። ከዚያ እንደገና ቅቤ።

አርባ ደቂቃ ቆይቶ ፎርማው ሲወጣ፣ ሁለንተናው ያማረ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ ግን ሽንብራ የምታህል የተቃጠለች ጠባሳ ነበረችው። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም። ጫማ ሲሰፋበት ጠባሳዋ በቆዳው ላይ ጉብ ብላ ትወጣለች። በሳምንቱ ዱባይ ተራ ያለው ቸርቻሪ ሁሉ የሐጀራን ጫማ "ባለ ብጉሩ" ብሎ ጠራው።

ሔርሜላ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ቢላ ቀየረች፣ እንቅልፍ አጣች። ማሽኗን የሸጠው ድርጅት ባለሙያ በስልክ ቪዲዮ ከባሕር ማዶ አይቶ "መብራታችሁ ነው" አላት። መብራታችን ብዙ ኃጢአት አለበት፤ ይቺ ግን የእሱ አልነበረችም።

በዚህ መሃል ሐጀራ ወደ ዱባለ በር መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ሞረድህ ይሠራል?"

"ከባለቤቱ ይሻላል።"

"ና ብጉሯን ጥረግልኝ።"

እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ እንጨት የሚያስርበትን ሞርሳውን በትከሻው ተሸክሞ፣ በርጩማውን በእጁ አንጠልጥሎ ተነሳ። ኩራት የለውም እንዳይመስላችሁ። ያስነሳው ክፋት ነው። ከሙሽሪት አጠገብ ተቀምጦ ከአፏ የሚወጣውን ፎርማ ሁሉ እየተቀበለ አፍንጫውን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ይጠርጋል፤ ለመጣው ሁሉ ደግሞ፣ "እኔ ሚዜ ነኝ። ሙሽሪት ታስነጥሳለች፣ እኔ እጠርጋለሁ" ይላል። ሻይ በሰዓቱ ይመጣለታል። እንደ ድሮው ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ማለት የለም። ሚስቱ አስናቀች እንኳ፣ "ይቺ ብጉር እንዳትድን ስለት ተሳል" አለችው፣ እየሳቀች ሳይሆን ከምሯ።

ሁለት ወር እንዲህ አለፈ።

ከዚያ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ለትኬት ቆራጮቹ ያዘዘው ጥቁር ጫማ ጠቅላላው ተመለሰ። ምክንያቱ አፍንጫው ነው። በእጅ የተሞረደ ነገር ምን ቢጠነቀቁለት እንደ መንታ አይመሳሰልም፤ ግራው ክብ ሲሆን ቀኙ ሾጠጥ ይላል። ከትኬት ቆራጮቹ አንዷ ጫማውን ልትመልስ ራሷ መጥታ፣ "ግራ እግሬ ጡረታ የወጣ ይመስላል፣ ቀኙ ገና ይጨፍራል" ብላ አሳየችን።

ሐጀራ ጫማዎቹን ዱባለ ፊት ዘረገፈቻቸው።

"እጅህ ይንቀጠቀጣል" አለችው።

ይህቺ ስድብ አልነበረችም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሰዳደቡ እጁን ነክታበት አታውቅም። ዱባለ ሞረዱን አስቀመጠ፣ ቆቡን ደፋ፣ ወጣ። እኔም ከሱቄ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ሲሄድ አየሁት። ቤቱ ሲገባ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሞርሳውን ሊወስድ ተመለሰ። ኋላ እንደነገሩኝ ምሳ ሰዓት ነበር፤ ሰፊዎቹ ወጥተዋል፤ ሔርሜላ ብቻዋን ከሙሽሪት ፊት ቆማ ጥፍሯን ትበላለች። ማሽኗ እየሠራች ነው። ዱባለ ሞርሳውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። "ዥው!" ቀና አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ "ዥው!"

"ይህቺ ልጅ ለምንድን ነው የምትደነግጠው?" አላት።

"ማን?"

"ሙሽሪት። አፍንጫው ጋ ስትደርስ ትደነግጣለች እኮ። በጆሮዬ እሰማታለሁ።"

ሔርሜላ መጀመሪያ ዝም ልትለው ነበር። ኋላ ግን የሚሰማት ሰው ስላጣች ይሆናል፣ ወደ እሱ ዞረች። "ጋሽ ዱባለ፣ አውሮፕላን አይተው ያውቃሉ?"

"ከታች።"

"ራቅ ብሎ ከጎንዎ ሲያልፍ አንገትዎን ቀስ አድርገው ይከተሉታል። ልክ በአናትዎ ላይ ሲያልፍስ?"

ዱባለ ጣቱን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ቀሰረና የሌለ አውሮፕላን መከተል ጀመረ። ከፊት መጣ፣ ቀረበ፣ አናቱ ላይ ደረሰ፤ እዚያ ላይ ሰውነቱ በአንድ ጊዜ ዞሮ ሊከተለው ሲል እግሩ ተጠላልፎ ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ አለ።

"ዥው!" አለ ከተቀመጠበት።

"አዎ! እንደዚያ ነው!" ሔርሜላ አጨበጨበች። "ቢላዋ ከጠረጴዛው መሽከርከሪያ ጋር በአንድ መስመር ቀጥ ብላ ስትቆም፣ ጠረጴዛው ወዴት እንደሚዞር ግራ ይገባዋል። ቢላዋ በጣም ትንሽ ስትራመድ እሱ ግማሽ ዙር እንዲዞር ይጠየቃል። እሱ እስኪዞር ቢላዋ እዚያው ቦታ ቆማ እንጨቱን ታሸዋለች። ብጉሩ ያ ነው።"

"አውሮፕላኑን በአናቷ ላይ እንዲያልፍ ማን አዘዘው?"

ሔርሜላ አመነታች። "እኔ ነኝ። ቢላዋ ሁልጊዜ ለእንጨቱ ገጽ ቀጥ ብላ እንድትቆም ነው ያዘዝኳት። አፍንጫው ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚያየው። መጽሐፉ ላይ እንደዚያ ነው ያለው።"

"መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ ፎርማ ጠርቦ ያውቃል?"

"እንጃ።"

"አያውቅም። ቢላ ቆሞ አይቆርጥም የኔ ልጅ። ቆሞ የሚቆርጠው ትኬት ቆራጭ ብቻ ነው።"

ሔርሜላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። ክብ ጫፍ ያላት ቢላ ስትሽከረከር፣ ጎኗ ይፈጥናል እንጂ ጫፏ እምብርት ላይ እንቅስቃሴ የለም ማለት ይቻላል። ቀጥ ብላ ስትቆም የምትቆርጠው በዚያ በማይቆርጠው ቦታዋ ነው። ጋደም ብትል ግን፣ ክብ ስለሆነች ቅርጹን ሳታበላሽ በጎኗ ትቆርጣለች። ይህን ተማሪ ቤት ተምራዋለች፤ ግን ያን ጊዜ ፈተና ነበር፣ አሁን ብጉር ነው።

"እርስዎ አፍንጫውን እንዴት ነው የሚጠርቡት? ያሳዩኝ" አለችው።

ዱባለ አንድ ጉማጅ ዋንዛ አንስቶ ከጉልበቱ ላይ አስደግፎ መጥረብ ጀመረ። ሔርሜላ ስልኳን አውጥታ ቀረጸችው። መጀመሪያ ቢላ የያዘውን ቀኝ እጁን ነበር የምትከተለው። ኋላ ግን ቪዲዮውን ቀስ አድርጋ መልሳ ስታየው፣ ቀኝ እጁ ብዙም አይንቀሳቀስም። የሚሠራው ግራው ነው፤ እንጨቱን የያዘው። ቢላዋ ገና እግሩ ጀርባ ላይ እያለች ግራ እጁ ከአሁኑ መዞር ይጀምራል፤ በቀስታ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ቢላዋ አፍንጫው ጫፍ ስትደርስ ዙሩ ተጋምሷል፣ ምንም ጥድፊያ የለም። ቀሪው ደግሞ በውስጥ እግሩ በኩል ስትወርድ ያልቃል። በዚያ ላይ ቢላዋ በጫፉ መሃል ቀጥ ብላ አታልፍም፤ ጋደም ብላ በጎን በኩል ነው የምትዞረው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርጉት?" አለችው።

"ምን አደረግሁ?"

ስልኩን አሳየችው። ዱባለ የገዛ ግራ እጁን እንደማያውቀው ሰው እጅ ትክ ብሎ አየው። ደጋግሞ አየው። "ይሄ ሌባ!" አለ በመጨረሻ። "ሠላሳ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም።"

በዚያው ከሰዓት ሥራ ጀመሩ። ሔርሜላ ኮምፒውተሯ ላይ የቢላዋን መንገድ እንደገና ጻፈች። ከመሃል በግራ ያለው መስመር አፍንጫውን በግራ፣ በቀኝ ያለው በቀኝ በኩል እየዞረ እንዲያልፍ፤ በእምብርቱ ላይ ማንም እንዳይረግጥ። የጠረጴዛውም ፍጥነት ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ።

የመጀመሪያው ሙከራ ሰው ሊገድል ነበር ማለት ይቻላል። ቢላዋን አብዝታ አጋደመቻትና፣ ቢላዋን የያዘው ብረት የእንጨቱን ማሰሪያ መታው። እንጨቱ ተፈንክቶ የማሽኗን መስታወት ሲደበድብ እኔ ከሱቄ ሰምቼ ሮጥኩ። ስደርስ ሔርሜላ ቀዩን መቆሚያ ተጭና እንደ ሐውልት ቆማለች፤ ዱባለ ከጠረጴዛ ሥር ነው።

"ምነው?" አልኩት።

"መዝገብ እየፈለግሁ ነው" አለኝ። እዚያ ቤት መዝገብ የሚባል ነገር ከጠረጴዛ ሥር ኖሮ አያውቅም።

በማግሥቱ መጋደሙን አሳነሰችው። አሁን "ዥው" የሚለው ድምፅ ጠፋ። ፎርማው ሲወጣ ብጉር የለም፤ ግን ቢላዋ በአንድ ጊዜ ጋደም ያለችበት ቦታ ላይ እንደ ግንባር መስመር ያለ እጥፋት ነበረ። "ብጉሯ ሄደ፣ ሽብሽብ መጣ" አለ ዱባለ። "በሁለት ቀን ከኮረዳነት ወደ አሮጊትነት አሸጋገርሻት።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?" ሔርሜላ ልታለቅስ ደርሳለች።

"መዞሩን ከሩቅ ጀመርሽ፤ መጋደሙንስ ለምን ድንገት ታደርጊዋለሽ? ሰው እንኳ አልጋው ላይ ዘሎ አይጋደምም፤ መጀመሪያ ይቀመጣል።"

ሦስተኛው ቀን ላይ ሁለቱንም ከእግሩ ጀርባ አስጀመረቻቸው፤ ቢላዋ በጥቂት በጥቂቱ እየተጋደመች፣ ጠረጴዛውም በጥቂት በጥቂቱ እየዞረ፣ አፍንጫው ላይ ሲደርሱ ቢላዋ አሥራ ሁለት ዲግሪ ተጋድማለች። ዱባለ ጆሮውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሰፊዎቹ መርፌያቸውን አቁመው ያዩታል። አርባ ደቂቃ አልፈጀም፤ ሠላሳ አንድ ነው የፈጀው፤ መወራወሩ ሲቀር ጊዜውም አጠረ።

ፎርማው ወጣ። ዱባለ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ "ስቶኪንግ አምጡ" አለ።

"ምን?" አለች ሐጀራ።

"የሴት ስቶኪንግ! ቀጭኑን! አውራ ጣት ይዋሻል፣ ስቶኪንግ አይዋሽም፤ የትኛዋም እሾህ ትይዘዋለች።"

ሁሉም ሴቶቹን አየ፤ ሴቶቹ ጣሪያውን አዩ። በመጨረሻ ሔርሜላ ከቦርሳዋ አንድ ያልተከፈተ አውጥታ ሰጠችው። ዱባለ እንጨቱን ስቶኪንግ አለበሰውና እጁን አፍንጫው ላይ እያንሸራተተ ጎተተው። አልያዘም። እንደ ውሃ ሄደ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሔርሜላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እሱ ግን ስቶኪንግ የለበሰውን እግር እንዳቀፈ ቆሞ፣ "እንግዲህ እኔ ምን ልሠራ ነው?" አለ። ቀልድ መስሎአቸው ሳቁ።

አስናቀች አልሳቀችም። ማታ ሲነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፣ "አንተ ሰው፣ የገዛ እንጀራህን በገዛ ሞረድህ ሞርደህ ጨረስከው?" አለችው።

"እጅህ ይንቀጠቀጣል አለችኝ እኮ!"

"ቢንቀጥቀጥስ!"

ዱባለ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

አንድ ሳምንት ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጦ የመንገደኛ እግር ሲቆጥር ዋለ። የሐጀራ ጫማ በደንብ ይሸጣል፤ የአውቶቡስ ድርጅቱም ተመልሶ አዘዘ። እሷ ግን በበሩ ስታልፍ ዝም ብላ ነው። እስካሁን አልሞትክም ወይ እንኳ አላለችውም። ስድቡ ሲቀር ነው የከፋው።

በስምንተኛው ቀን መጣች። እኔና ዱባለን የሚለየን አንድ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ስለዚህ የተባለውን ሁሉ የሰማሁት ፈልጌ አይደለም፣ ጆሮ ስላለኝ ነው። ቀዳዳም አለው፤ ቀዳዳውን የበሳሁት እኔ አይደለሁም።

ሐጀራ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። "ከሳቅህ አፍህን በማስቲሽ ነው የማስደፍነው" አለችና ቀኝ ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋን አላወለቀችም፤ ግን በካልሲው ውስጥ እንኳ ይታያል። የአውራ ጣቷ ሥር እንደ ሎሚ ወጥቷል፤ አውራ ጣቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሁለተኛውን ጣት ረግጦታል።

ዱባለ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ አየው። "ከመቼ ጀምሮ?"

"የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ።"

"የጫማ ነጋዴ ሆነሽ?"

"የጫማ ነጋዴ ሆኜ። ለማን ይነገራል? ሐጀራ ጫማ ትሸጣለች፣ እግሯ ግን ጫማ አይገባም ሊሉኝ? ሔርሜላ በዚያ ቅርጽ በሚቀዳው መብራቷ ልትለካው ትችላለች። ግን መብራቱ ቅርጹን ነው የሚያየው። የቱ ጋ እንደሚያመኝ አያይም።"

ዱባለ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሳ። በጣቱ አልነካትም፤ በእርሳሱ ጀርባ ነው ቀስ ብሎ የተጫናት። "እዚህ?"

"አይ።"

"እዚህ?"

"ትንሽ።"

"እዚህስ?"

ሐጀራ የማልጽፈውን ተናገረች።

"እሺ፣ እዚህ ነው" አለ ዱባለ፣ ረጋ ብሎ ወረቀቱ ላይ ምልክት እያደረገ። "ይሄ ቦታ ስፋት ይፈልጋል፤ ከሥሩ ደግሞ መደገፊያ። ተረከዙ ይጥበብ፣ አለዚያ እግርሽ ወደ ፊት እየሸሸ ይመጣል። አንቺ ሰው፣ በዚህ እግር ነው ሠላሳ ዓመት ስታባርሪኝ የኖርሽው?"

"ባይሆንማ ደርሼብህ ነበር።"

ሁለቱም ሳቁ። እኔም ከወዲህ አፌን በእጄ አፍኜ ሳቅሁ፤ ሐጀራ ግን ግድግዳውን በጫማዋ መታችና፣ "አንተ ማስቲሽ! ሱቅህን ሽጥ!" አለችኝ።

ዱባለ ያንን ፎርማ በእጁ ጠረበው፤ ለቀኙ አንድ፣ ለግራው ደግሞ ሌላ፣ ግራዋ ሌላ ዓይነት ናትና። አራት ቀን ፈጀበት። እየለካ፣ እየጨመረ፣ እየቀነሰ። ከዚያ ሔርሜላ በመብራቷ ቅርጹን ወስዳ ወደ ሙሽሪት አስገባችው፤ ያንኑ እግር በፈለጉት ጊዜ ደግማ እንድታወጣ።

ሐጀራ አዲሱን ጫማ አድርጋ ዓርብ ከጁምዓ በፊት፣ መንገዱ በሰጋጅ ሳይሞላ፣ እስከ መስጊዱ ደጅ ሄዳ ተመለሰች። ዱባለ በሩ ላይ ሆኖ እግሯን ብቻ ያያል። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች። ታመሰግነዋለች ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ።

"ግራው ይጮኻል" አለችው።

"አንቺን ወርሶ ነዋ።"

አሁን ዱባለ ሙሽሪት ቤት የራሱ ጥግ አለው። ተራውን ፎርማ ማሽኗ ትሠራለች፤ እሱ የሚቀበለው እምቢ ያለ እግር ብቻ ነው። ለካ እምቢ ያለ እግር ብዙ ነው። ሸክም የወደቀበት አለ፣ ስኳር ያሳበጠው አለ፣ አንዱ ከአንዱ የሚያጥር አለ፣ እንደ ሐጀራ ለዓመታት ሲደብቁት የኖሩት አለ። ሰው አፍሮ ይመጣና፣ ካልሲውን ከማውለቁ በፊት ዱባለ ሰድቦት ያስቀዋል። ከሔርሜላ ጋር አሁንም ይጣላሉ፤ እሷ አሥራ ሁለት ዲግሪ ስትል እሱ አሥር ይላል፣ ዲግሪ ምን እንደሆነ ግን እስካሁን አያውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እናት ሴት ልጇን ልትድር ሁለት ሳምንት ሲቀራት መጣች። በሠርጉ ቀን ቆሜ እንግዳ መቀበል አለብኝ፣ እግሬ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ አይቆምልኝም አለች። ዱባለ እርሳሱን እያነሳ፣ "ተቀመጪ። ሙሽራው ማን ነው? እሱን ተይው፣ እግሩን አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ሰው ነው" አላት።

"የት አዩት?" አለች ደንግጣ።

"አላየሁትም" አለ ዱባለ፣ "ግን ለእናት እንደዚያ ነው የሚባለው። እግርሽን አምጪ።"